ስልኩን ብንነጥቃቸው ማን ሊያናግራቸው ነው?

«ቲክቶክ ትውልዱን ጨረሰው» የሚለውን ፍርድ ለመስማት ከጦር ኃይሎች አየር ጤና ታክሲ መሳፈር ይበቃል። ረዳቱ ወሬውን ያነሣዋል፣ ከኋላ የተቀመጡት እናት ይቀበሉታል፣ ጋቢና ያሉት ጋሼ «መፍትሔውማ ስልኩን ነጥቆ መስበር ነው» ብለው ይዘጉታል። እሑድ በዐውደ ምሕረት፣ ዓርብ በኹጥባ፣ በእድር ስብሰባ፣ በቴሌቪዥን የውይይት መድረክም ይኸው ነው። በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማማ አገር በዚህ ግን ተስማምቶ ያድራል፦ የኮሌጅ ልጆቻችን ተጨነቁ፣ ተከዙ፣ እንቅልፍ አጡ፤ ለዚህ ያበቃቸው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ መድኃኒቱም እሱን ማራቅ ነው።

እኔ በዚህ አልስማማም። ልጆቹ መጨነቃቸውን አልክድም፤ እሱ እውነት ነው። የማልቀበለው ምክንያት ተብሎ የተያዘውንና መድኃኒት ተብሎ የታዘዘውን ነው። እንዲያውም በክፍለ ከተማችን በኮልፌ ቀራንዮ ለሚማር ልጅ ያ የሚረገመው ስልክ ጭንቀቱን ለሌላ ሰው የሚናገርበት የመጀመሪያው፣ ብዙ ጊዜም ብቸኛው በር ነው ባይ ነኝ። የእኛ ሥራ ከበሩ ወዲያ የሚቀበለው ሰው ማስቀመጥ ነበር። ያንን ስላልሠራን በሩን እንራገማለን።

ከምክንያቱ ልጀምር። በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 21.6 በመቶው፣ ማለትም ከአምስት ተማሪ አንዱ፣ የአእምሮ መታወክ ምልክት እንዳለበት አገኘ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ደግሞ 40.9 በመቶ አለ። ቲክቶክ በዚህ ስሙ ለዓለም ገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እነዚያ ተማሪዎች ሲጨነቁ ጨረሳቸው የሚባለው ነገር ገና አልመጣም ነበር። ፌስቡክ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ነበር። ነገር ግን የጎንደሩ ጥናት ከጭንቀቱ ጋር ተያይዘው ያገኛቸውን ነገሮች አንብቡ፦ የሚማሩትን የትምህርት ዓይነት አለመውደድ፣ የቅርብ ጓደኛ ማጣት፣ የገንዘብ ችግር፣ ከጠበቁት በታች ውጤት ማምጣት፣ ጫት መቃም፣ ከጓደኛ ጋር መጣላት፣ የሚያርፉበት ጊዜ ማጣት። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ዛሬ የተፈታ ችግር አለ? እኔ አንድም አላገኘሁም። የተጨመረ ግን አለ።

የኮልፌ ቀራንዮን ልጅ ውሰዱ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። አገሪቱ ከመቶ ልጆቿ ወደ ዘጠና ሰባት የሚጠጉትን በአንድ ቀን «ወድቃችኋል» ብላ አሳወቀች፤ ውጤቱንም ልጆቹ ያዩት በዚያው በተረገመው ስልክ ነው። ከእነሱ አንዳንዱ በሪሚዲያል አለፈ፣ አንዳንዱ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ ተመዘገበ፣ አንዳንዱ አስፋልት ዳር ካሉት የግል ኮሌጆች ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። አባት መርካቶ ተሸክሞ፣ እናት ጉሊት ቸርችራ ለዓመታት የከፈሉለት ልጅ በአንድ ፈተና ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ይህን ልጅ «ስልክህን አጥፋው፣ ትረጋጋለህ» ማለት ድፍረት ነው።

ኮሌጁስ ምን ይመስላል? ከሥር ባንክና ካፌ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሬጅስትራር፣ ከዚያ በላይ መማሪያ ክፍሎች፤ ሕንፃው የኪራይ ነው። ሜዳ የለም፣ ማደሪያ የለም፣ ከክፍል ወጥተው የሚቀመጡበት የዛፍ ጥላ የለም። የማታው ተማሪ ቀን ሠርቶ ውሎ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል፣ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፣ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል፣ ካራ ቆሬ ወይም ዓለም ባንክ የተከራያት ክፍል ሲደርስ ደባሉ ተኝቷል። ይህ ልጅ ጓደኛ የሚያገኘው መቼ ነው? «ድሮ እኛ በአካል ተገናኝተን እንጫወት ነበር» የሚሉት የድሮ ምሩቃን ልክ ናቸው፤ የሚረሱት ግን መንግሥት አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ ሰፊ ግቢ ሰጥቶ እንዳስተማራቸው ነው።

እንቅልፍ ማጣቱንም እንየው። ኢትዮ ቴሌኮም የሌሊት ጥቅል ይሸጣል፤ ከቀኑ ይረክሳል። ብር የቸገረው ተማሪ ትምህርቱን በሌሊት ያወርዳል፣ የመውጫ ፈተና ማብራሪያ ቪዲዮውን በሌሊት ያያል፣ ዓረብ አገር ካለች እህቱ ጋር በሌሊት ያወራል። ዐይኑ ቀልቶ ጠዋት ሲመጣ መምህሩ «ቲክቶክ ስታይ አድረህ» ይለዋል። አይቶም ይሆናል፤ ጥቅሉ ተርፎ ከሆነ ለምን አያይም? ሌሊቱን ያስመረጠው ግን ኪሱ ነው።

ማጥፋት ይበጃል ለሚሉት ደግሞ ይህች አገር ከብዙ አገር የተሻለ ማስረጃ አላት፤ ደጋግማ አጥፍታ አይታዋለችና። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ሲሰረዝ፣ ሐምሌ ላይ በድጋሚ ሲሰጥ ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘጉ። በ2009 ዓ.ም. የፈተናው ሰሞን ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቆየች። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆርጣ ኖረች። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት አላየም። እነዚህ የጦርነትና የሐዘን ጊዜያት ናቸው፤ ልጆቹን የጎዳቸው መዘጋቱ ብቻ ነው ብል ዋሽቻለሁ። ግን ከመቀሌ መጥቶ ወይራ ሰፈር በደባል የሚኖር ተማሪ፣ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ፈተና ሲቀመጥ፣ ከስልክ መራቅ ለአእምሮው ዕረፍት ሆነለት የሚል ካለ ዐይን ዐይኑን እያየ ይንገረው።

ጦርነት ያልነበረበትን ምሳሌ ከፈለጋችሁም አዲስ አበባ ራሷ አለች። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ነበር። የስልክ ነጣቂዎቹ ሐሳብ ልክ ቢሆን ኖሮ ያ አምስት ወር የተማሪው የዕረፍት ዘመን በሆነ ነበር። የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ አያት ሳይቀሩ ቪፒኤን አስጫኑ። ባትሪው ቶሎ አለቀ፣ ዳታው ቶሎ አለቀ፣ ሃንድአውት ለማውረድ የሚፈጀው ጊዜ ረዘመ። «በእነዚያ ወራት ተማሪዎቻችን ተረጋጉ» ያለ አንድም ኮሌጅ፣ አንድም ሐኪም፣ አንድም ሰባኪ አልሰማሁም። የሰማ ካለ ይጻፍልኝ።

ወደ ውጭ አገር ጥናት እንሂድ፤ ተከራካሪዎቼ የሚተማመኑበት እሱ ነውና። ጠንካራውን ማስረጃቸውን ራሴ ላቅርብላቸው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሃርቫርድ ሲነሣ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች የገባው አንድ በአንድ ነበር። ብራጊየሪ፣ ሌቪና ማካሪን የተባሉ ሦስት ኢኮኖሚስቶች ቀድሞ የገባባቸውንና ዘግይቶ የገባባቸውን ኮሌጆች አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት ጥናት ፌስቡክ የተማሪዎቹን የአእምሮ ጤና ጎድቷል ይላል። ጥሩ ጥናት ነው፤ አልክደውም። ግን ጉዳቱ በየት በኩል መጣ ይላሉ? በዋናነት ራስን ከሌላው ጋር በማወዳደር። እሷ ተዝናናች፣ እሱ አገኘ፣ እኔ ቀረሁ በሚለው። ስለዚህ ጥናቱ የሚከስሰው የሌላውን ድግስ ቆሞ ማየትን ነው። የክፍል ልጆች ፈተና ሲያስጨንቃቸው የሚጻጻፉበትን መስመር አይከስስም። በዚያ ላይ እነዚያ አሜሪካውያን ፌስቡክ ሳይመጣባቸው ማደሪያና ግቢ ነበራቸው፤ የምክር አገልግሎትም ኮሌጁ ውስጥ ያገኙ ነበር። የኮልፌው ልጅ ከስልኩ ሲወርድ የሚያርፍበት እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

ሌላም አለ። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 143 ተማሪዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ማኅበራዊ ሚዲያን በቀን ወደ ሠላሳ ደቂቃ መቀነስ ብቸኝነትንና ድብርትን እንደቀነሰ አሳይቷል። ሠላሳ ደቂቃ ነው ያሉት፤ ዜሮ አላሉም። ኦርበንና ፕሽቢልስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ከ350,000 በላይ ወጣቶችን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሥራ፣ የዲጂታል መሣሪያ አጠቃቀም የወጣቱን ደኅንነት ልዩነት የሚያብራራው ቢበዛ 0.4 በመቶ ነው አሉ፤ ድንች አዘውትሮ መብላትም በስሌታቸው የሚቀራረብ ቁጥር አለው። ድንችን ግን በዐውደ ምሕረት ላይ ያወገዘው የለም። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከማኅበራዊ ሚዲያ ማገዷንም እንደ ክርክር የሚያነሡ አሉ። የእኔ ጉዳይ ግን ልጆች አይደሉም፤ የምናወራው መምረጥ፣ መቀጠርና ማግባት ስለሚችሉ ሰዎች ነው።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። አንድ ተማሪ፣ ስሙንና ኮሌጁን እንዳልጠቅስ አስጠንቅቆ፣ የክፍሉን የቴሌግራም ግሩፕ አሳየኝ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ተኩል ነው። ከላይ የኮስት አካውንቲንግ ሃንድአውት ተልኳል፤ ሥሩ ላይ «ገጽ 14 አይነበብም፣ በናታችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን» ይላል። ከዚያ ሦስት ስቲከር። ከዚያ አንዷ «ከዚህ ሴሚስተር በኋላ የምቀጥል አይመስለኝም። የእውነት ደክሞኛል» ብላለች። አንዱ የሚስቅ ስቲከር ለጠፈ። ሌላው «አቦ ሁላችንም ደክሞናል» አለ። የክፍል ተጠሪው፣ ይህን ያሳየኝ ልጅ ማለት ነው፣ በሰው ፊት ምንም አልጻፈም። ለብቻዋ «እህቴ፣ ትምህርቱ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ልደውልልሽ?» አላት። መልስ የመጣው ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው፤ «ደውል»።

ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁትም፤ አይመለከተኝም። የሚመለከተኝ ይህ ነው፦ የዚያን ሌሊት ያንን መልእክት አይቶ ክብደቱን የለየ ሰው የ22 ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመው ምን እንደሚል፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ለማን እንደሚያስተላልፍ ያስተማረው የለም። የኮሌጁ የጋይዳንስ ክፍል አለ፤ በሩ ላይ ስሙ ተለጥፏል፤ ቀን ይከፈታል፣ ማታ ተማሪው ሲመጣ ተዘግቷል። እንዲህ ዓይነቱን ግሩፕ ነው «ጊዜ ማባከኛ» የምንለው። ግሩፑ ባይኖር ልጅቷ መድከሟን የምትነግረው ለግድግዳው ነበር።

ተማሪው እኛን መጠበቅ ከተወ ቆይቷል። በየዩኒቨርሲቲው ስም የተከፈቱትን «ኮንፌሽን» የሚባሉ የቴሌግራም ቻናሎች የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ስሙን ሳይገልጽ በቦት ይጽፋል፣ አስተዳዳሪው ይለጥፍለታል፣ የማያውቃቸው ሰዎች ከሥር ይመልሱለታል። ፍቅር፣ ዕዳ፣ የወደቀ ኮርስ፣ ከቤት የተደበቀ እርግዝና፣ «ለምን እንደምኖር አላውቅም» የሚል ሳይቀር አለበት። ከመልሶቹ ውስጥ ማሾፍ አለ፣ ስድብ አለ፣ «ጸልይ» ብሎ የሚያልፍ አለ፤ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ እንዲህ አድርጌ ወጣሁ» የሚል ረጅም መልስም አለ። እኛ ስለ አእምሮ ጤና ዐውደ ጥናት ስናዘጋጅ ልጆቹ በራሳቸው አቅም የምክር አገልግሎት ከፈቱ። ባለሙያ የለበትም፣ ተጠያቂ የለበትም፤ ስለዚህም አደገኛ ነው። የአደጋው ምንጭ ግን ባለሙያው ከዚያ አለመኖሩ ነው፤ ባለሙያው እንዲገባበት የጋበዘ ኮሌጅ ደግሞ አላውቅም።

ለምን በስልክ? ለምን ሄደው አይታከሙም? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሠፈሩን አያውቅም። ከኮልፌ ወደ መርካቶ ስትወርዱ አማኑኤል አለ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ። ስሙ ዛሬም መሳደቢያ ነው፤ «ይሄ አማኑኤል የሚያስፈልገው ነው» ይባላል። አንዲት ተማሪ በዚያ በር ስትገባ የእናቷ የእቁብ ጓደኛ ካየቻት ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሎሚ ሜዳ ይደርሳል። ክፍለ ከተማችን ይህን በሽታን የመፍራት ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዘነበወርቅ ያለው አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር፤ ሰው ከዚያ ሰፈር ነኝ ለማለት ያፍር ነበር። ያንን ፍርሃት ያላላው ምክርና ተግሣጽ ሳይሆን የሚያድን መድኃኒት በቅርብ መገኘቱ ነው። ዛሬ ሰው አለርት የሚሄደው ለዐይኑም ለአጥንቱም ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የአእምሮ ሕክምና እዚያ እስኪደርስ ድረስ ተማሪዋ ማንም ሳያያት የመጀመሪያውን ቃል የምትናገርበት ቦታ ያስፈልጋታል። ያ ቦታ እጇ ላይ አለ።

እዚህ ላይ ወዳጅ መስለው የሚመጡትንም ልለያቸው። ማኅበራዊ ሚዲያን «ለበጎ እንጠቀምበት» ሲባል ኮሌጆቹ የገባቸው ፖስተር መለጠፍ ነው። የአንዱን ኮሌጅ ገጽ ወደ ታች ሄጄ አየሁት። የምርቃት ፎቶ፣ የምዝገባ ማስታወቂያ፣ የባለቤቱ ንግግር፣ እንደገና የምርቃት ፎቶ። መስከረም 30፣ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን፣ ቢጫ አበባ ተለጥፎ «ፈገግ እንበል» ተብሏል። ከሥሩ አንድ ተማሪ «የጋይዳንስ ቢሮው ለማታ ተማሪ መቼ ነው የሚከፈተው?» ብሎ ጠይቋል። መልስ የለም። ፖስተሩ 200 ገደማ ላይክ አለው። የተጨነቀን ሰው ፈገግ በል ማለት ስድብ ነው፤ ጠይቆ መልስ ማጣት ደግሞ ከስድብም ይብሳል፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ጊዜ አይጠይቅም። ማኅበራዊ ሚዲያ ተማሪውን የሚረዳው አንድ ሰው ሲመልስበት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ማስታወቂያ ነው።

የኩባንያዎቹ ጠበቃ እንዳልመስልም ልናገር። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣቻቸው የኩባንያው ሰነዶች ኩባንያው ኢንስታግራም ልጃገረዶችን ስለ ሰውነታቸው እንደሚያስጨንቅ ውስጥ ውስጡን ያውቅ እንደነበር አሳይተዋል። እኛማ ከዚህም የከፋ አለን፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፌስቡክ ላይ ስማቸውን የሚያጠፋ ወሬ ከተነዛ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ተገድለዋል፤ ልጃቸው ናይሮቢ ላይ ሜታን ከስሶ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። የቲክቶክ ላይቭ ስድብ፣ የውርርድ ማስታወቂያ፣ የሴት ልጅ ፎቶ ይዞ ማስፈራራት፣ አንድ ተማሪ ራሱን ሲያጠፋ ፎቶውንና ዝርዝሩን መበተን፤ ይህ ሁሉ በዐይናችን ፊት ነው። የመጨረሻውን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ አዋቂዎች መሆናቸውን ግን አስታውሱልኝ። እነዚህን ሁሉ በሕግም በወላጅነትም ታገሉ፤ አብሬያችሁ ነኝ። የማልከተላችሁ ከዚህ ተነሥታችሁ ልጁን ብቻውን ልታስቀሩት ስትፈልጉ ነው።

«ባለሙያ ከየት ይመጣል?» የሚለው ክርክር ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት አለው። የሥነ አእምሮ ሐኪም በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው፤ እንደ ዶክተር ምሕረት ደበበ ያሉት በመጽሐፍና በቪዲዮ ብዙ ሰው ቢደርሱም ለእያንዳንዱ ሌሊት መልስ ሊሰጡ አይችሉም። መልሱ ግን ከአፍሪካ ራሷ አለ። ዚምባብዌያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ላይ የጀመረው ሥራ አያቶችን አሠልጥኖ፣ ጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የተጨነቀ ሰው እንዲያዳምጡ ማድረግ ነበር። ውጤቱ ተመዝኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል፤ የተጨነቁትና የተከዙት የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ይልቅ በግልጽ ተሽሏቸዋል። አያቶቹ ሐኪም አይደሉም። ግን የሠለጠኑ ናቸው፣ ከበላያቸው የሚከታተላቸው ባለሙያ አለ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ለማን እንደሚያስተላልፉ ያውቃሉ። ያ የክፍል ተጠሪ የጎደለው ይኸው ነው፤ ልቡማ አለው።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኮሌጁ ተማሪው ቀድሞ ባለበት በቴሌግራም አንድ መስመር ይክፈት፤ ከመስመሩ ኋላ ቦት ሳይሆን የሠለጠነ ሰው ይቀመጥ፤ መልስ የሚሰጥባቸው ሰዓታት ይጻፉ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ያለውንም ይጨምሩ፣ ተማሪው የሚነቃው ያኔ ነውና። የክፍል ተጠሪዎች ሁለት ነገር በደንብ ይማሩ፦ የቀልድ ድካምና የእውነት ድካም እንዴት እንደሚለይ፣ እና አንድ ሰው ራሱን ሊጎዳ እንደሆነ ፍንጭ ሲሰጥ በጽሑፍ መጨቃጨቅ ትቶ መደወል፣ ካለበት መሄድ፣ ብቻውን አለመተው፣ ሐኪም ዘንድ ማድረስ። ስልክ ቁጥር የሚደበቅበትን የቴሌግራም ማስተካከያ ያሳዩዋቸው፤ ምስጢሩ ለዲኑ እንደማይደርስ በጽሑፍ ይረጋገጥ፣ አለበለዚያ ማንም አይጽፍም። ፊት ለፊት መገናኘት ይበልጣል ለሚሉኝም፣ ይበልጣል። የመስመሩ ግብ ልጁን ወደዚያ ማድረስ ነው። ግን «ደውል» ለማለት 40 ደቂቃ የፈጀባትን ልጅ ቢሮ ድረስ ያለ ጥሪ ትመጣለች ብሎ መጠበቅ ልንረዳት አለመፈለግ ነው።

አንድ የኮሌጅ ባለቤት ይህን ስነግራቸው «ሌሊት ለሚሠራ ሰው ደመወዝ ከየት አምጥቼ?» አሉኝ። በሕንፃው በር ላይ ሁለት ዘበኛ ተራ እየገቡ ያድራሉ፤ የሚጠብቁት ወንበርና ኮምፒውተር ነው፤ ለእነሱ በጀት ሲያዝ ከየት የሚል ጥያቄ አልተነሣም።